ከኮረብታው የታየ አዝመራ

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኒኮላ ፑሳን ሊሞት ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ ከ1660 እስከ 1664 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፣ አራቱን ወቅቶች በአራት ሸራ ሣለ። ለእያንዳንዱ ወቅት ከብሉይ ኪዳን አንድ ታሪክ መረጠ። በጋው የደረሰው ለሩት ነው። ሥዕሉ ዛሬ ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ተሰቅሏል። የሰው ቁመት ሊደርስ ጥቂት የቀረው የስንዴ ማሳ ሸራውን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል፤ አጫጆች ማሳው ጫፍ ላይ ጎንበስ ብለዋል፤ ሩት ቃርሚያ ለመልቀም ፈቃድ ስትለምን ቦዔዝ ፊት ተንበርክካለች። በስተቀኝ ደግሞ፣ ከሰዎቹ ኋላ፣ ጎን ለጎን የተሰለፉ አምስት ፈረሶች ጅራፍ ባነሣ ሰው እየተነዱ እህል ያበራያሉ።

ይህን ሥዕል በታኅሣሥ ወር በጎጃም፣ ደምበጫ ዙሪያ፣ አውድማ ዳር ለተቀመጠ ገበሬ ብናሳየው ከሩት በፊት ዓይኑ የሚያርፈው ፈረሶቹ ላይ ነው። ታሪኩን ከቤተ ክርስቲያን ያውቀዋል፤ ቃርሚያ ምን እንደሆነም ማንም ሊያስረዳው አይገባም። የሚያስገርመው ውቂያው ነው። አውድማው የታለ? በእበት የተለቀለቀው ክብ መሬት፣ በዙሪያው የሚቆመው ክምር፣ ነፋስ ሲመጣ ምርቱን ከገለባው የሚለዩት መንሽና ላይዳ የት ሄዱ? ማሳው ገና ሳይታጨድ እንዴት ውቂያ ተጀመረ? ደግሞስ እነዚህ ፈረሶች አንገታቸውን እንዲህ ቀስረው፣ እግራቸውን እኩል አንሥተው የሚረግጡት እህል ነው ወይስ የሰልፍ ሜዳ?

ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ የጥበብ ታሪክ ሊቃውንትም በሌላ መንገድ ወደዚያው ደርሰዋል። ፑሳን ዕድሜውን አብዛኛውን የኖረው ሮም ነው፤ ፈረሶቹም የሚያስታውሱት የገበሬ ግቢ ሳይሆን በሮም የድል ቅስቶች ላይ በድንጋይ የተቀረጹትን የሠረገላ ፈረሶች ነው። እንግዲህ የገበሬውን ሥራ ሠዓሊው ያገኘው ከማሳ ሳይሆን ከሐውልት መሆኑ ነው። ሥዕሉ ድንቅ ነው፤ ይህን መካድ አልፈልግም። ነገር ግን ስለ እርሻ ሥራ የሚነግረን ነገር ካለ፣ ከሁሉ በፊት የሚነግረን ሥራውን ማን ሆኖ፣ ከየት ቆሞ እንዳየው ነው። በዚህ ምዕራፍ የማነሣው ይህንኑ ነው፦ አዝመራውን የሚያየው ሰው የቆመው ኮረብታው ላይ ነው ወይስ ከእርፉ ጀርባ?

ባሮክ ብለን የምንጠራው ዘመን በግርድፉ ከ1600 እስከ 1750 እ.ኤ.አ. ያለው ነው። ከዚያ በፊት በአውሮፓ ሥዕል ውስጥ ተራራ፣ ዛፍና እርሻ በአብዛኛው የቅዱሳንና የነገሥታት ታሪክ ጀርባ ነበሩ። በዚህ ዘመን ጀርባው ወደ ፊት መጣ፤ አገሩ ራሱ የሚሣል፣ የሚገዛና እልፍኝ ውስጥ የሚሰቀል ጉዳይ ሆነ። አገር ሲሣል ደግሞ አገሩን የሚያርሰው ሰው አብሮ መግባቱ አልቀረም።

ለባሮክ ሠዓሊዎች መንገዱን ከእነርሱ በፊት የጠረገላቸው ፒተር ብሩገል የተባለው የፍላንደርስ ሰው ነው። በ1565 እ.ኤ.አ. ኒክላስ ዮንግሊንክ ለተባለ የአንትወርፕ ከበርቴ ቤት የዓመቱን ወራት በተከታታይ ሣለለት፤ ከእነዚያ አንዱ፣ «አጫጆቹ» የሚባለው፣ ዛሬ ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ነው። ባሮክ አይደለም፤ ከባሮክ ይቀድማል። ሆኖም የደምበጫውን ገበሬ አንድም ጥያቄ ሳያስጠይቀው የሚያልፍ ሥዕል ቢኖር ይህ ነው። ገሚሱ አጫጅ ተቀምጧል፤ ከፊቱ ዳቦና ሳህን አለ። ገሚሱ ያጭዳል፤ ሴቶች ነዶ ተሸክመው በተቆረጠው መንገድ ይወርዳሉ። ከዛፍ ሥር ደግሞ አንድ ሰው እግሩን አንፈራጥጦ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። በወንፈል የዋለ ሰው ሁሉ ያንን እንቅልፍ ያውቀዋል። ብሩገል ሥራውን ብቻ ሳይሆን ሥራው በሰውነት ላይ የሚያደርገውን አይቷል፤ ድካም የሌለበት አጨዳ አልሣለም።

ከእርሱ በኋላ የመጡት ታላላቆች ይህን ድካም ቀስ በቀስ አስወጡት። ከሁሉም ይልቅ ልናስተውለው የሚገባን ሩበንስ ነው፤ ምክንያቱም የሣለው መሬት የራሱ ነበር።

ፒተር ፖል ሩበንስ የአንትወርፕ ሠዓሊ፣ የነገሥታት መልእክተኛ፣ የፈረሰኛ ማዕረግ የተሰጠው ሰው ነበር። በ1635 እ.ኤ.አ. ሔት ስቴን የሚባለውን ግንብ ከነርስቱ ገዛ። ግዢው ማዕረግም ይዞ መጣ፤ አንትወርፕ በሚገኘው መቃብሩ ላይ የተጻፈው ጽሑፍ «የስቴን ጌታ» ይለዋል። በሚቀጥለው ዓመት ገደማ ያንን ርስት በማለዳ ብርሃን ሣለው። ሥዕሉ ሎንዶን፣ ናሽናል ጋለሪ ውስጥ ነው፤ ከሁለት ሜትር በላይ ይሰፋል። በግራ በኩል ግንቡ በዛፍ መካከል ብቅ ብሏል፤ በደጁ የጌቶቹ ቤተሰብ ይታያል። ከፊት ለፊት አንድ ጋሪ ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ሴትዮዋ ላዩ ላይ ተቀምጣለች፤ የታሰረ ጥጃም ተጭኗል። ቁጥቋጦ ሥር አንድ አዳኝ ከውሻው ጋር ቆቅ ያደባል። ራቅ ብለው ላሞች ይታለባሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሜዳ ነው፤ ዓይን እስኪደክም ድረስ የሚዘረጋ፣ ፀሐይ የነካችው ሜዳ።

የሚታየው ሁሉ እውነት ነው፤ ጥጃውም ጋሪውም ሩበንስ በየማለዳው ከመስኮቱ ያያቸው ነገሮች ናቸው። ግን ሰውየው ያየው ከመስኮት ነው፤ ያውም ከባለርስት መስኮት። ገበሬዎቹ ጤነኞች፣ ሙሉዎች፣ ለሥራቸው የተመቹ ናቸው። «ገበሬዎች ከማሳ ሲመለሱ» በሚለው፣ ፍሎረንስ በሚገኘው ሥዕሉ ሴቶቹ መሣሪያቸውን ይዘው፣ ቅርጫት በራሳቸው ተሸክመው ሲሄዱ የዳንስ ሰልፍ ይመስላሉ። አንዳቸውም አልደከሙም። ግብሩ የሚሰፈርበት፣ እህሉ ከአውድማው ወደ ጌታው ጎተራ የሚጫንበት ሰዓት በእነዚህ ሥዕሎች አይገባም። ጦርነቱም አይገባም። ያ አገር ከ1568 እስከ 1648 እ.ኤ.አ. በዘለቀው የሰማንያ ዓመት ጦርነት ውስጥ ነበር፤ ወታደር የሚበላው ደግሞ የገበሬን እህል ነው። ሩበንስ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሰላም ለማምጣት በየቤተ መንግሥቱ የተመላለሰ ሰው ነውና። እኔ እንደሚመስለኝ ሜዳውን ያን ያህል ጸጥ አድርጎ የሣለው ባለማወቅ አልነበረም፤ ያጣውን ሰላም እየሣለ ነበር። ይህ ሥዕሉን አሳዛኝ ያደርገዋል እንጂ አያሳንሰውም። ሆኖም ገበሬው የሰው ምኞት ማስጌጫ መሆኑ አልቀረም።

ሌላ ጥንድ ልጨምር። ሠዓሊዎቹ ዣክ ካሎ እና ክሎድ ሁለቱም የሎሬን አገር ልጆች ናቸው፤ ክሎድ እንዲያውም የአገሩን ስም ወስዶ «ሎሬን» ተብሎ ቀረ። በ1633 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ጦር ሎሬንን ሲወር ካሎ የጦርነትን ሰቆቃ በትንንሽ የመዳብ ኅትመቶች አወጣ፦ ወታደሮች የገበሬ ቤት ሲዘርፉ፣ ቀጥሎም ገበሬዎቹ ወታደሮቹን ጫካ ውስጥ ጠብቀው ሲበቀሉ። ክሎድ ግን ሮም ሆኖ ወርቃማ ምሽቶችን፣ ጅረት የሚሻገሩ ላሞችንና ዋሽንት የሚነፉ እረኞችን ይሥል ነበር። መኳንንት የተሻሙት በክሎድ ሥዕሎች ነው።

ሆላንዶች ለየት ይላሉ። እነርሱ ዘንድ ሥዕል የሚሸጠው በገበያ ነው፤ ገዢውም ነጋዴና ባለሙያ ጭምር ነበር። ያኮብ ፋን ራይስዳል የሃርለምን ከተማ ከአሸዋ ኮረብታ ላይ ሆኖ ሲሥል ከፊት ያስቀመጠው የበፍታ ማንጫ ሜዳውን ነው፤ ረጃጅም ነጭ ጨርቆች ሣር ላይ ተዘርግተዋል፤ ሠራተኞቹ ግን ነጥብ ያህላሉ፤ ከሸራው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰማይ ነው። ፓውሉስ ፖተር በ1647 እ.ኤ.አ. በሣለው «ወይፈኑ» በተባለው ግዙፍ ሥዕል ደግሞ ወይፈኑ መካከል ላይ ቆሞ ገበሬው ዛፍ ጥግ ተለጥፏል። ለዚህኛው የጎጃም ሰው ቅር አይለውም። በሬን ከሰው አስቀድሞ ማየት የሚያውቅበት ነገር ነው።

አሁን ዓይናችንን ወደዚህ እንመልስ። ሩበንስ ርስቱን በገዛ በዓመቱ፣ በ1636 እ.ኤ.አ.፣ ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መቀመጫቸው አደረጉ። ዘመኑ አንድ ነው፤ የአውሮፓ ሥዕልም አገራችን አልደረሰም ማለት አይቻልም። በ1590 እ.ኤ.አ. ገደማ ሮም የታተመው ባለሥዕሉ የዐረብኛ ወንጌል ኢትዮጵያ ገብቶ ነበር። ሥዕሎቹን የነደፈው አንቶኒዮ ቴምፔስታ የአደንና የአገር ሥዕል አዋቂ ነው። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች እነዚያን ሥዕሎች አይተው በብራና ወንጌሎቻቸው ላይ በራሳቸው መንገድ ሠርተዋቸዋል። የወሰዱትንና የተዉትን ማየት ነው ቁም ነገሩ። የሰዎቹን አቀማመጥ፣ የእጃቸውን ምልክትና የታሪኩን አካሄድ ወሰዱ። ከሰዎቹ ኋላ ያለውን ርቆ የሚሄድ አገር በአብዛኛው ተዉት፤ በምትኩ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ መደብ አኖሩ።

ይህን ባለመቻል የሚተረጉሙ አሉ። አልስማማም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተመልካቹን ኮረብታ ላይ አቁሞ አገር አያስቃኝም፤ ቅዱሱ ፊት ለፊት ቆሞ ምእመኑን ያየዋል። በዚያ ግንኙነት ውስጥ ርቀት ቦታ የለውም። ስለዚህ እርሻም እንደ አገር መልክ አይገባም፤ ቢገባ በቅዱስ ታሪክ ጫፍ ነው፦ በልደት ሥዕል ላይ በትር የያዙ እረኞች፣ ከገነት የተባረረው አዳም ወዙን ሲያፈስ።

የመሬቱ ባለቤት ግን እዚህም ይታያል። በሩበንስ ሥዕል ጌቶቹ ከግንቡ ደጅ እንደቆሙ ሁሉ፣ በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ያሠራው ሰው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ ይሣላል። በጣና ደሴት በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ እንዲሁ ተሥለዋል። ግድግዳውን ያቆመውና ቀለሙን የገዛው ሀብት ከጉልት የመጣ ነው፤ ጉልት ማለት ደግሞ ገበሬው በገዛ ርስቱ ላይ አርሶ ከሚያገኘው ተቆንጥሮ የሚሰጥ ማለት ነው። የጎጃም ገበሬ በርስቱ ላይ መብት ያለው ሰው መሆኑ ከሔት ስቴን ገበሬ ይለየዋል፤ አሥራትና ግብር ከፋይነቱ ግን ያመሳስላቸዋል። በሁለቱም አገር ከፋዩ በሥዕሉ ውስጥ ወይ ትንሽ ነው ወይ የለም።

አንድ አውሮፓዊ ሠዓሊ ደግሞ አገራችን ድረስ መጥቶ ነበር። ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለው የቦሎኛ ሰው ከተጓዡ ጄምስ ብሩስ ጋር ጎንደር ቆይቶ በ1770 እ.ኤ.አ. እስከ ግሽ ዓባይ ድረስ ዘልቋል፤ ከደምበጫ ብዙ የማይርቅ አገር ነው። የተዋጡለት ሥዕሎቹ የዕፅዋት ናቸው። ገበሬው አላሳሰበውም፤ በሚቀጥለው ዓመትም ጎንደር ሞተ።

የእርሻ ሥራ በሥዕል አልተያዘም ማለት ግን በጥበብ አልተያዘም ማለት አይደለም። ጎጃም የቃል አገር ነው። በሬን በስሙ እየጠሩ የሚያዜሙለት፣ በደቦ ላይ የሚቀባበሉት፣ በቅኔ ቤት ሰም የሚሆነው ሞፈርና ቀንበሩ ነው። አሥራት ሰብሳቢው፣ ጭቃ ሹሙና የተቀማው በሬ በሥዕል ባይኖሩም በእንጉርጉሮ አሉ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወላጁ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ፣ ከልማድ ውጭ ግብር በጨመረባቸው ጌታ ላይ የሚነሡ የጎጃም ገበሬዎችን ልብ ወለዱ መካከል አስገቡ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲያወጣ የጎጃም ገበሬ በእውን ተነሣ። ሩበንስ ከሜዳው ያስወጣው ነገር፣ የግብሩ ሰዓት፣ በእኛ ዘንድ ከልብ ወለድ ወጥቶ ሜዳው ላይ ቆመ።

ገበሬው በሥዕል መካከል የገባው ዘግይቶ፣ ባልተጠበቀ በር ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ ዓሥርት ዓመታት በቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሠለጠኑ ሰዎች አዲስ አበባ ላይ ለሽያጭ መሣል ጀመሩ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተከታታይ ክፍል በመሣል ስማቸው የሚነሣው በላቸው ይመር ከቀደምቶቹ ናቸው። ገዢዎቹ በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች ስለነበሩ ዓድዋም፣ አደንም፣ ግብር ማብላትም ተሣለ፤ ከእነዚህ ጋር እርሻው መጣ። የሚሣልበት አቡጀዲ በሰንጠረዥ ይከፈላል፤ በአንዱ ይታረሳል፣ በአንዱ ይዘራል፣ ከዚያ አረም፣ አጨዳ፣ ውቂያ፣ ጭነት፣ መጨረሻ ላይ ድግስ።

ከቢቸና የወጡት ቄስ አዳሙ ተስፋው የዚህ መስመር ሰው ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ተምረው፣ አዲስ አበባ ገብተው ለዓሥርት ዓመታት ሃይማኖታዊውንም የዕለት ኑሮውንም በጨርቅ ላይ ሣሉ። በ2005 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ የሚገኘው ፋውለር ሙዚየም ሥራዎቻቸውን ብቻ የያዘ ዐውደ ርእይ አዘጋጀላቸው፤ ከዚህ ወገን ለመጣ ሠዓሊ በስሙ ብቻ እንዲህ ያለ ዐውደ ርእይ ማግኘት ያልተለመደ ነገር ነበር።

እነዚህን የአቡጀዲ ሥዕሎች ከፑሳን አጠገብ ብንሰቅላቸው ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። አድማስ የላቸውም፤ ሰማዩ መደብ ቀለም ነው፤ በሬውና ሰውየው እኩል ይገዝፋሉ። የእርሻ ትምህርት ቤት ፈተና ቢሆኑ ግን የሚያልፉት እነርሱ ናቸው። ሠዓሊው የገበሬ ልጅ ከሆነ ቀንበሩ ከሞፈሩ ጋር በምራን ይታሰራል፤ ድግሩ ከማረሻው ግራና ቀኝ ነው፤ አራሹ በአንድ እጁ እርፉን ተጭኖ በሌላው ጅራፉን ያነሣል፤ በአውድማው ላይ መንሽ የያዘና ላይዳ የያዘ ሰው አይምታታም። ጤፍ ሊዘራ መሬቱ ከአንድ ጊዜ በላይ መታረስ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው የሣለው ትልም ይታወቃል። ሴቶቹ አረም ላይ ናቸው፤ ምግብ ተሸክመውም ይመጣሉ። ማንም እንደ ጌጥ ዳር አልቆመም፤ ዳር የሚባል ነገር የለምና።

ለእነዚህ ሥዕሎች ያለኝ አድናቆት ግን ዓይኔን እንዲያስጨፍነኝ አልፈልግም። የመጀመሪያው ጥያቄያችን በሌላ መልክ እዚህም ይነሣል፦ ሥዕሉን የገዛው ማን ነው? አቡጀዲውን ጠቅልሎ በሻንጣ የወሰደው እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ረኀብና ዕዳ ግድግዳው ላይ ሊሰቅል አይወድም። ስለዚህ እዚህም አዝመራው ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ ድግሱ አይቀርም፤ አንድ በሬ ብቻ ስላለው ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ የሚያርስ ሰው በሥዕሉ ውስጥ ለይቶ ማግኘት አይቻልም። መሣሪያው እውነት ነው፤ ዕድሉ ግን የተዋበ ነው። ከሩበንስ የሚለያዩት ሥራውን በማወቃቸው ነው፤ ኑሮውን በመንገር ብዙም አይርቁትም።

በደርግ ዘመን ደግሞ ገበሬው ከሁሉም በላይ ገዘፈ። በፖስተሩ ላይ ክንዱ የተፈተለ፣ ዓይኑ ሩቅ የሚያይ፣ ማጭዱ የሚያበራ ሆነ። ከፑሳን ፈረሶች ጋር ወንድማማቾች ናቸው፤ እነዚያ ከሮም ሐውልት እንደመጡ እነዚህ ከሞስኮና ከፒዮንግያንግ ሐውልት መጡ። በዚያ ማጭድ ጤፍ የታጨደ አይመስለኝም።

ስለዚህ የእርሻ ሥዕል ፊት በቆማችሁ ጊዜ፣ ሉቭር ይሁን ፒያሳ ያለ የስጦታ ሱቅ፣ ውበቱን ከማድነቃችሁ በፊት እጆቹን ተመልከቱ፤ ምን ይዘዋል? በዚያ መሣሪያ ያ ሥራ ይሠራል? ከዚያ ማን እንደሌለ ፈልጉ፦ ቃራሚዋ፣ የደከመው፣ ግብር ሰፋሪው። ደምበጫ ወይም ቢቸና የእርሻ ሰው አጎት ወይም አያት ያላችሁ ከሆነ ሥዕሉን ለእርሱ አሳዩት፤ ከአስጎብኚ መጽሐፍ የማታገኙትን ይነግራችኋል። ሥዕሉ የአቡጀዲ ሆኖ የምትገዙት ከሆነም ሻጩን የሠዓሊውን ስም ጠይቁት። የሩበንስ ስም መቃብሩ ላይ ከነማዕረጉ ተቀርጾ ተቀምጧል፤ ከእነዚህ ጨርቆች ብዙዎቹ ግን የሚሸጡት ያለ ስም ነው። ከነገራችሁ ስሙንና ዓመቱን ከጨርቁ ጀርባ በእርሳስ ጻፉበት።